ዱላና ማኅበር

እንግሊዝኛ ጎልፍ የሚመታበትን ዱላና ጎልፍ ተጫዋቾች የሚሰበሰቡበትን ማኅበር በአንድ ቃል «ክለብ» ብሎ ይጠራል። ይህን የተረዳሁት በ1993 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሜሪላንድ ግዛት በአንድ የግል ጎልፍ ክለብ ምድር ቤት ተቀጥሬ የአባላቱን ዱላ በሳሙናና በብሩሽ ሳጥብ ነው። የበላዬ «ክለቡን አደራ» ባለኝ ቁጥር የትኛውን እንደሆነ ለመለየት ዓይኑ ወዴት እንደሚያይ መጠባበቅ ነበረብኝ። ከዓመታት በኋላ ግን በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ያለነው ስደተኞች የምናቋቁማቸውን ማኅበራት ስብሰባ እየተከታተልኩ፣ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሲሆኑ፣ ሊቀመንበርና ምክትሉ ዐሥር ዓመት ሙሉ በየቤተ ክርስቲያኑ በር ሳይሰላመቱ ሲያልፉ ካየሁ ወዲህ፣ ዱላንና ማኅበርን በአንድ ስም መጥራት የቋንቋ ድህነት አለመሆኑን አምኜአለሁ።

ያን የዱላ ማጠብ ሥራ ያስገኙልኝ አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እርሳቸውም ቢሆኑ አይወዱትም። ጋሼ እላቸው ነበር፤ አሁንም ጋሼ ናቸው። አገር ቤት ሳሉ የሂሳብ መምህር ነበሩ። እዚህ የአባላት ልብስ መለወጫ ክፍል ጠባቂ ሆነው የሰው ጫማ እየወለወሉ ሁለት ልጆች ኮሌጅ አስገብተዋል። እኔ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለኝ ዘመድ በሦስተኛው ሳምንት «ቤት ጠበበኝ» ባለኝ ጊዜ፣ ለሰባት ወር ሳሎናቸው ውስጥ ያስተኙኝ እርሳቸው ናቸው። ይህን ቀድሜ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ቀጥሎ የምተርከው በደል የተፈጸመው በእኚህ ሰው ላይ ነው፤ የፈጸምኩትም እኔ ነኝ።

ሰኞ ሰኞ ክለቡ ለአባላት ዝግ ነው። በዚያ ቀን ሠራተኞች ከሰዓት በኋላ እንዲጫወቱ ይፈቀድ ነበር፤ በአሜሪካ የግል ክለቦች የተለመደ ነገር ነው። ጋሼ ሜዳው ላይ መጀመሪያ ያወጡኝ ቀን ሰው የተወልኝን፣ ቁመቴን የማይመጥን የብረት ዱላ ይዤ ኳሷን ስስት፣ «የገና ጨዋታ አልተጫወትክም እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ተጫውቻለሁ። ጥጃ ስጠብቅ ቆልማማ የወይራ እንጨት ቆርጬ፣ ሩር አክርሬ፣ ከታችኛው መንደር ልጆች ጋር እስኪመሽ ስራኮት አድጌአለሁ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እኛም ብንሆን በዓሉን፣ ጨዋታውንና ዱላውን «ገና» እያልን በአንድ ስም እንጠራለን። በገና ዕለት ማዕረግ እንደማይታይ፣ ሎሌ የጌታውን እግር ቢመታ ቂም እንደማይያዝበት አባቴ ይነግረኝ ነበር። ጎልፍም በዚህ ረገድ ከገና የራቀ አይደለም፤ ልዩነቱ እኛ ለአንድ ቀን በልማድ የምናደርገውን እነርሱ ዓመቱን ሙሉ በሂሳብ ማድረጋቸው ነው። ሂሳቡን የሚይዘው ደግሞ የክልሉ ጎልፍ ማኅበር ነው።

ብዙዎቻችን የጎልፍ ማኅበር ሲባል የሚታየን በብረት አጥር የተከበበ፣ መግቢያው የአንድ ቤት ዋጋ የሚያህል የባለጸጎች ግቢ ነው። እንዲህ ያለው ግቢ መኖሩ እውነት ነው፤ ዱላውን አጥቤለታለሁ። የክልሉ ማኅበር ግን ሌላ ነገር ነው። በ1894 የተመሠረተው የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር በየግዛቱና በየአካባቢው አጋር ማኅበራት አሉት። ከእነርሱ ውጪም የቆዩ ማኅበራት አሉ፤ ቺካጎ አካባቢ የሚገኘው የምዕራብ ጎልፍ ማኅበር በ1899 የተቋቋመ ነው። በዚያ ማኅበር በኩል አንድ ደግ ነገር ተሠርቷል። ቺክ ኤቫንስ የተባለው፣ ራሱ በልጅነቱ ዱላ ተሸካሚ የነበረው ተጫዋች፣ በ1916 ሁለቱን ታላላቅ የአገሪቱን ሻምፒዮናዎች አሸነፈ። በችሎታው ገንዘብ ከተቀበለ የአማተርነት ማዕረጉን ስለሚያጣ፣ ገንዘቡ ለዱላ ተሸካሚ ልጆች የትምህርት መርጃ እንዲሆን አደረገ። ከ1930 ጀምሮ በዚህ መንገድ ከ11,000 በላይ ወጣቶች ዩኒቨርሲቲ ጨርሰዋል። በየምድር ቤቱ ዱላ የምታጥቡ ወገኖቼ ልጆች ካሏችሁ ይህን ማወቅ አይጎዳችሁም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የክልል ማኅበር የሚሰጠው አገልግሎት ሲዘረዘር ደረቅ ነው፦ ሜዳዎችን ይለካል፣ የአባላትን ሃንዲካፕ ይመዘግባል፣ ውድድር ያዘጋጃል፣ ሕግ ያስተምራል፣ ለታዳጊዎች ድጋፍ ያደርጋል። እኔን የማረከኝ ግን አባልነቱ የሚሰጥበት መንገድ ነው። ግለሰቡ የሚገባው በክለብ በኩል ነው፤ ክለብ ለመባል ደግሞ ሜዳም፣ ሕንፃም፣ አጥርም አያስፈልግም። መተዳደሪያ ደንብ ያላቸው፣ ኮሚቴ የመረጡ፣ አዘውትረው አብረው የሚጫወቱና አንዱ የሌላውን ውጤት ማየት የሚችል ሰዎች ከሆኑ ክለብ ናቸው። መሬት የሌለው ክለብ! ጋሼ ይህን ባነበብኩላቸው ጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ታዲያ ይሄ እድር አይደለም እንዴ?» አሉ። እውነትም እድር ነው። እድርን እድር የሚያሰኘው ድንኳኑ ሳይሆን መዝገቡ ነው።

በ2007 ዐሥራ ስድስት ሆነን ተሰበሰብን። ታክሲ ነጂዎች፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኞች፣ አንድ የቧንቧ ባለሙያ፣ አንዲት ነርስ፣ ጋሼና እኔ። የ2005ቱ ምርጫ ቁስል ገና አልጠገገም ነበርና ጨዋታው ሳይጀመር ጠቡ ተጀመረ። የተነሣው ጥያቄ በኮፍያችን ላይ የትኛው ባንዲራ ይሁን የሚል ነው። አንባቢ ያውቀዋል፤ አንበሳ ያለበት፣ ኮከብ ያለበት፣ ምንም የሌለበት። ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሁለት ሰዎች ወጥተው ሄዱ፤ አንዱ ተመልሶ የረሳውን ጃኬት ይዞ እንደገና ወጣ። በመጨረሻ ነርሷ «ጀበና አድርጉበት፤ በጀበና የተጣላ ሰው አላየሁም» አለችና ጀበና ሆነ። ደንቡን በሁለት ቋንቋ ጽፈን ለክልሉ ማኅበር ላክን። ከሳምንታት በኋላ የመጣው መልስ እጅግ አጭር ነበር፤ የክለባችንን ቁጥር ገልጾ፣ የሃንዲካፕ ኮሚቴ ሰብሳቢያችን ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ማን እንደ ላካችሁ፣ ከየትኛው ወገን እንደሆናችሁ፣ ከእናንተ ስለ ወጡት ሰዎች ምን እንደምታስቡ የሚል ጥያቄ አልነበረበትም። ሰብሳቢ ተደርጌ የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ በሂሳብ ጎበዝ ስለሆንኩ ሳይሆን ጋሼ «እሱ ይሁን» ስላሉ።

የምንጫወተው በዋሽንግተን ሰሜን ምሥራቅ፣ በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር ባለው በላንግስተን ሜዳ ነው። ይህን ሜዳ መጀመሪያ ስንረግጥ ታሪኩን አላወቅንም ነበር። ጥቁሮች በከተማይቱ ሜዳዎች እንደ ልብ መጫወት በማይችሉበት ዘመን፣ የሮያል ጎልፍ ክለብ ወንዶችና በ1937 የተቋቋመው የዌክ ሮቢን ጎልፍ ክለብ ሴቶች ለአገር ግዛት ሚኒስትሩ ለሃሮልድ ኢክስ አቤቱታ አቅርበው፣ ሜዳው በ1939 በዘጠኝ ጉድጓድ ተከፈተ። ዐሥራ ስምንት የሆነው በ1955 ነው። ስሙ ከቨርጂኒያ ለኮንግረስ የተመረጠው የመጀመሪያው ጥቁር የጆን ሜርሰር ላንግስተን ነው። የአሜሪካ ባለሙያ ጎልፈኞች ማኅበር አባልነትን ለነጮች ብቻ የሚያደርገውን አንቀጽ ከደንቡ የሰረዘው ደግሞ በ1961 ነው። እንግዲህ መሬት የሌላቸው ክለቦች ከእኛ በፊት ነበሩ። እኛ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ በር ገፍተን ነው የገባነው፤ ይህንንም የነገሩን በሜዳው ቡና ቤት የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጀበናውን አይተው «ይሄ ምንድነው?» ብለው ከጠየቁን በኋላ።

ሃንዲካፕ ምን እንደሆነ ሳላስረዳ የቀረውን መተረክ አልችልም፤ ሂሳብ የማይወድ አንባቢ ቢዘለው አልቀየምም። ሃንዲካፕ ለደካማው ተጫዋች የሚሰጥ የምት ብድር ነው። አንድ ሰው ዐሥራ ስምንቱን ጉድጓድ በ95 ምት ጨረሰ እንበል። የክልሉ ማኅበር ለክቶ ለዚያ ሜዳ የሰጠው ደረጃ 70.1፣ ስሎፕ የሚባለው የክብደት ቁጥር ደግሞ 121 ቢሆን፣ ከ95 ላይ 70.1 ይቀነስና የተረፈው 24.9 በ113 ተባዝቶ ለ121 ይካፈላል፤ 23.3 ይመጣል። 113 መካከለኛ ክብደት ላለው ሜዳ የተሰጠ ቁጥር ነው። ከመጨረሻዎቹ 20 ጨዋታዎች የተሻሉት 8 ተመርጠው አማካያቸው ሲወሰድ የሰውየው ሃንዲካፕ ይሆናል። በ2020 ይህ አሠራር በመላው ዓለም አንድ ሆኗል፤ ጣሪያውም ለወንድም ለሴትም 54.0 ነው። ስለዚህ አንድ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ከሃያ ዓመት ጎረምሳ ጋር በእኩል ሊፎካከር ይችላል። ይህ ሁሉ የቆመው ግን በአንድ ቀጭን ነገር ላይ ነው፦ ሰው የመታውን ያህል መታሁ ብሎ መጻፉ። በአሜሪካ ከ2016 ወዲህ ብቻውን የተጫወተ ሰው ውጤት አይመዘገብም፤ ያየህ ሰው መኖር አለበት።

አንድ ክረምት ማብቂያ ላይ የክልሉ ማኅበር በጎ ፈቃደኞችን ሜዳ መለካት ሲያስተምር ሄጄ ነበር። ከአንድ ጡረተኛ መሐንዲስና ከአንድ የጥርስ ሐኪም ጋር ቀኑን ሙሉ ስንለካ ዋልን። የምንለካው ለሁለት ሰዎች ነው፤ አንደኛው ኳስን 250 ያርድ ለሚመታ ጎበዝ፣ ሁለተኛው 200 ያርድ ለሚመታ መካከለኛ ተጫዋች። በየጉድጓዱ ዐሥር ዓይነት መሰናክል ይመዘናል፤ አቀበቱ፣ አሸዋው፣ ዛፉ፣ ውኃው እያለ ይቀጥላል። ዐሥረኛው መሬት ላይ የሌለ ነው፤ የሌሎቹ መሰናክሎች ብዛት በተጫዋቹ መንፈስ ላይ የሚጥለው ጫና። እርሱም ቁጥር አለው። መሐንዲሱ «ይሄኛው አይታይም፤ ከሌሎቹ ተደምሮ ነው የሚገኘው» አለኝ። በዚያን ጊዜ ለጋሼ የምነግራቸው ጥሩ ቀልድ አገኘሁ ብዬ ብቻ ነበር ያሰብኩት።

የጋሼ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው ኮሮና ከመጣ በኋላ ነው። በ2020 የታክሲ ሥራ ሲሞት የክለባችን አባላት ቁጥር ጨመረ፤ ሌላ የምንገናኝበት ቦታ አልነበረም። ባንዲራ መንካት ክልክል ስለነበር ሁላችንም እጃችንን ኪሳችን ከትተን እንቆም ነበር፤ እርሳቸው ግን ከሁሉም በላይ አጥብቀው ይከቱት ነበር። በ2021 በጋ በየቅዳሜው አብሬአቸው ስጫወት በልቤ የምቆጥረውና ማታ በኮምፒዩተር መዝገቡ ላይ የማየው አልገጥም አለኝ። 104 መትተው 94 ይመዘገባል። 107 መትተው 95። ሃንዲካፓቸው 18.4 ሆኖ ቀረ፤ በእኔ ስሌት ከ27 በላይ መሆን ነበረበት።

ልብ አድርጉ፤ ይህ ሌብነት አይደለም። ሌባ ተጫዋች የምት ብድር ለማግኘት ውጤቱን ያባብሳል፤ ውጤቱን የሚያሳምር ሰው የሚዘርፈው ራሱን ነው። ጋሼ በየሳምንቱ የዐሥር ዶላር ውርርዳቸውን እየተሸነፉ፣ እየሳቁ ይከፍሉ ነበር። ችግሩ የመጣው በእንቁጣጣሽ ሰሞን በምናደርገው የጥንድ ውድድር ነው። ከእርሳቸው ጋር የተጣመረው ወጣት በሰፊ ልዩነት ተሸንፎ ወደ እኔ መጣና፣ «ሰብሳቢ ነህ አይደል? ቁጥሩ ትክክል ነው?» አለኝ። ትክክል አይደለም ማለት ነበረብኝ። «አያለሁ» አልኩ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሕጉ እንደሚለው የአንድን አባል ሃንዲካፕ የምናስተካክለው ለባለቤቱ ነግረን፣ መልስ የሚሰጥበት ዕድል ሰጥተን ነው። እኔ ግን በአንድ እሑድ ሌሊት ብቻዬን ተቀምጬ፣ ነርሷንም ሌላውንም ሳላማክር፣ 18.4ን 27.0 አደረግሁት። ለምን እንዳደረግሁት ያን ጊዜ የሰጠሁት ምክንያት «እንዳላሳፍራቸው» የሚል ነበር። አሁን ሳስበው ፊታቸውን ማየት የፈራሁት ለራሴ ነው። የሰጠኝን አልጋ የረሳሁ እንዳይመስልብኝ ብዬ፣ ከመርሳት የባሰ ነገር ሠራሁ። ደግሞ ሞኝነቴ፤ አዲሱ ቁጥር ጠዋት ለባለቤቱ እንደሚላክ እያወቅሁ ያላወቅሁ መሰልኩ።

ጋሼ አልደወሉም። ቅዳሜ ሳይመጡ ቀሩ። በሁለተኛው ቅዳሜም ቀሩ። እንደ ለመድነው ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ሳምንት ሁለተኛ የኢትዮጵያውያን ጎልፍ ክለብ ይቋቋም ነበር፤ አንድ ሁለት ሰዎች «አሁንስ አበዛኸው» ማለት ጀምረው ነበርና።

ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው አፓርታማቸው ሄድኩ። በሩን ከፍተው ምንም ሳይሉ አስገቡኝ። ሰባት ወር የተኛሁበት ሶፋ ተቀይሯል፤ ቦታው ግን ያው ነው። ቡና አቀረቡ፤ ሲኒው ማስቀመጫው ላይ ሲንቀጫቀጭ ሁለታችንም ወደ ሌላ አየን። ከዚያ ተነሥተው ከመሳቢያ አንድ ሰማያዊ ደብተር አመጡና እጉልበቴ ላይ አኖሩት። ከ2007 ጀምሮ የተጫወቱበት እያንዳንዱ ቅዳሜ ተጽፏል፤ በአማርኛ ቀን፣ በግዕዝ ቁጥር። ያ 94 ብለው የመዘገቡት ቀን በደብተሩ ላይ ፻፬ ነው። 95ቱ ፻፯ ነው። አንድም አልተዋሸም።

«የምመታውን አውቃለሁ» አሉኝ። «መምህር ነበርኩ። ይሄ ለራሴ የጻፍኩት ነው። ለኮምፒዩተሩ የጻፍኩት ለእናንተ ነው።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። «ይቅርታ ጋሼ፤ ቁጥሩን ሳልነግርዎ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ቁጥሩ ልክ ነው» ብለው አቋረጡኝ። «ሃያ ሰባት ራሱ ለእኔ ደግ ነው። እኔን የከፋኝ ሌሊቱ ነው። ሌሊት ኮሚቴ ወስኖ ጠዋት የሚሰማበት አገር ነበረኝ፤ እሱን ትቼ ነው የመጣሁት። አንተ ደግሞ በዚህ በኳስ ነገር...» አልጨረሱትም። እጃቸውን ተመለከቱና ሌላኛው እጃቸውን ደረቡበት።

በማግስቱ የኮሚቴውን ሰዎች ጠርቼ ያደረግሁትን ተናገርኩ። ቁጥሩን ወደ ነበረበት መለስነው። ከዚያ እንደ ሕጉ በአማርኛ ደብዳቤ ጻፍን፤ ሃንዲካፕዎን ለማስተካከል አስበናል፣ ምክንያታችን ይህ ነው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ይስጡን የሚል። ሦስታችንም ፈረምን። የሰብሳቢነቱን ሥራ እለቃለሁ ብዬ ነበር፤ ነርሷ «ጥፋቱን ሠርተህ ሥራውን ለማን ልትጥል ነው?» ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ። የጋሼ መልስ በአራተኛው ቀን በፖስታ መጣ። በሚያምረው የመምህር ጽሕፈታቸው፣ መስመሩ እዚህም እዚያም እየተንቀጠቀጠ፣ ደብተራቸውን መሠረት በማድረግ ራሳቸው ያሰሉትን ቁጥር ጽፈዋል፤ 27.8። ከእኔ ይልቅ ትክክል ነበሩ። ሁለት ጨዋታ ዘልዬአለሁ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ላንግስተን መጡ። የአራት ምት ጉድጓድ ላይ ነበርን፤ ወንዙ በስተቀኝ ይታያል። መጀመሪያ የመቱት ዛፍ ውስጥ ገባ፤ ሁለተኛው ከዛፉ አላለፈም፤ አሸዋ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቆዩ። ኳሷ በመጨረሻ ስትገባ ጎንበስ ብለው አነሷት፤ እኔም እርሳሱን ይዤ ካርዱን ገልጬ ጠበቅሁ። ድሮ በዚህ ጊዜ ፈጠን ብለው «አምስት» ይሉ ነበር። በጣቶቻቸው ከዛፉ ጀምረው፣ በአሸዋው በኩል፣ እስከ ጉድጓዱ ድረስ ቆጠሩ።

«ሰባት» አሉ።

ጻፍኩ። መንገድ ከጀመርን በኋላ ቆም አሉና ካርዱን ከእጄ ወስደው ራቅ አድርገው አዩት።

«ይሄ ሰባትህ አንድ ይመስላል» አሉኝ። «አስተካክለህ ጻፈው።»